መስከረም ላይ መጽሐፍ የሌለው ተማሪ እንዳይኖር፦ ከሰኔ እስከ ጥር የሚሠራው ሥራ በየተራው

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ትምህርት ከተጀመረ ወር አለፈው፤ ልጄ እስካሁን የሒሳብ መጽሐፍ አላገኘም፤ ምን ይሻላል?» ከአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ነው፦ ከመሐል ሜዳ ይደወላል፣ ከዓለም ከተማ ይደወላል፣ ከአረርቲም ከደብረ ብርሃንም። ጥቅምት ላይ ማድረግ የሚቻለው ግን ጥቂት ነው። የመጽሐፍ ሥራ የሰኔ ሥራ ነው። ሰኔ ላይ ያልተሰበሰበ መጽሐፍ መስከረም ላይ አይገኝም። ያልተቆጠረ ጉድለትን ደግሞ ወረዳም ዞንም ሊሞላው አይችልም፣ ስንት እንደጎደለ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ።

ይህን የምጽፈው ለርዕሰ መምህራን፣ ለስም ጠሪ መምህራንና ለወላጆች ነው። ብዙ ትምህርት ቤት የሚወድቀው ደረጃ 2 እና ደረጃ 4 ላይ ነው። እዚያ ስትደርሱ ረጋ ብላችሁ ሥሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ንብረት ያዥ ወይም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ አንድ መምህር፣ አንድ የወላጅ መምህር ኅብረት አባል። ወላጁን አትተዉት። ቆጠራው ላይ የነበረ ወላጅ በቀበሌ ስብሰባ ተነሥቶ «በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ቆጥሬ ነው የምናገረው» ሲል፣ የርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ብቻውን የማያገኘውን ጆሮ ያገኛል።

ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ፣ የማይለቅ ማርከር፣ የትምህርት ቤቱን ማኅተም፣ ወስፌ፣ ሲባጎና አሮጌ አቡጀዴ አዘጋጁ።

ያለፈውን ዓመት የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ቅጂዎችም ፈልጉ። 19 ዕቃ ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ነው፣ 22 ወጪ የሆነበት። ቅጂው ትምህርት ቤት ውስጥ ከጠፋ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ንብረት ክፍል ሄዳችሁ ከእነሱ ጥራዝ ኮፒ አድርጉ። ያለ እነዚህ ወረቀቶች ስንት መጽሐፍ ሊኖራችሁ እንደሚገባ አታውቁም፣ የምትቆጥሩትን የምታመሳክሩበትም የላችሁም።

ደረጃ 1፦ መሰብሰብ (ሰኔ)

1. የመመለሻውን ቀን ፈተናው ሳይጀመር በሰልፍ ላይ ንገሩ። በየክፍሉ ሰሌዳም ጻፉት።

2. ከ1ኛ እስከ 5ኛ እና 7ኛ ክፍል የመጨረሻውን ፈተና በጨረሱ ማግስት ሰብስቡ። አንድ ቀን እንኳን አታሳልፉ። ሰኔ እርሻ ነው፤ ልጁ አንዴ ወደ ሥራ ከገባ እስከ መስከረም አታገኙትም።

3. የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ክልላዊ ፈተና ስላለባቸው እስከ መጨረሻው ቀን መጽሐፉ ያስፈልጋቸዋል። ቀድማችሁ አትውሰዱባቸው። የመጨረሻውን ፈተና ባጠናቀቁበት ቀን ይዘው እንዲመጡ አድርጉና ከፈተና ክፍል ሲወጡ በር ላይ ተቀበሉ። 8ኛ ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ልጅ መጽሐፉን ይዞት ይሄዳል፣ ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ የተቀበለው ሰው ስለሌለ ነው።

4. ለሚዛወር ተማሪ መሸኛ ከመጻፉ በፊት የመጽሐፍ መዝገቡ ይታይ።

ልጁ «ጠፍቶብኛል» ቢልስ? ካርዱን ይዛችሁ አታስለቅሱት። ወላጁን ጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ ከታናሽ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ዘንድ ይገኛል። በእውነት ከጠፋ በመዝገቡ «የጠፋ» ብላችሁ ጻፉና ወላጅና መምህር ይፈርሙበት። የሚተካበትን መንገድ ከወላጁ ጋር እንደ አቅሙ ተስማሙ። ዕዳ የፈራ ልጅ መስከረም ላይ ጭራሽ ሳይመለስ ይቀራል። ይህን አይቻለሁ፣ አንድ መጽሐፍ ደግሞ ያንን ያህል ዋጋ የለውም።

ደረጃ 2፦ መቁጠር

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ካለፈው ዓመት ወረቀት ላይ ቁጥር ገልብጦ «ቆጥረናል» ማለት አይሠራም። በእጃችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል ልጆች ሒሳብን ለአራት አንድ መጽሐፍ ይማሩ ነበር። ኅዳር ላይ ኳስ ፍለጋ ስቶር ገባሁ። የስፖርት ፍራሹን ሳነሣው ከሥሩ በነጭ የላስቲክ ገመድ የታሰረ እሽግ አለ። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ሒሳብ 6ኛ ክፍል። ገመዱ እንኳን አልተፈታም። 40 መጽሐፍ። በክረምት የተቀበለው ሠራተኛ ተቀይሯል፣ አዲሱ ደግሞ ርክክብ ሲያደርግ የፈረመው ወረቀቱ ላይ እንጂ እሽጉ ላይ አልነበረም። ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ለአራት አንድ መጽሐፍ ሲጎትቱ መጽሐፋቸው ከግድግዳ ወዲያ ማዶ ተኝቶ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ፦

1. ስቶሩን ባዶ አድርጉት። ሁሉም ነገር ውጭ ይውጣ፤ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር።

2. የመምህራን ክፍልን፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የላብራቶሪ ቁም ሣጥኑን ፈትሹ። መምህራን ቤታቸው የወሰዱትንም ያምጡ።

3. በክፍልና በትምህርት ዓይነት ለዩ። የመምህሩ መምሪያና የተማሪው መጽሐፍ አይቀላቀሉ፤ ሽፋናቸው ስለሚመሳሰል በእሽግ ውስጥ ሲሆኑ ያሳስታሉ።

4. የድሮውንና የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ለዩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍል ውስጥ ያለ ነው። የድሮው መጽሐፍ ቆጠራው ውስጥ ከገባ በወረቀት ላይ ሞልቶላችሁ በክፍል ውስጥ ይጎድላችኋል። ለንባብና ለማጣቀሻ ቤተ መጻሕፍት አስገቡት፣ ግን ለብቻው ይመዝገብ።

5. እያንዳንዱን ክምር ደህና፣ የሚጠገንና የማይጠገን ብላችሁ ለሦስት ክፈሉት። ገጹ ሙሉ ሆኖ ጥራዙ የተፈታ የሚጠገን ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ የጎደለው የማይጠገን ነው፣ ግን አትጣሉት፤ ከሁለት ጎደሎ አንድ ሙሉ ይወጣል።

6. ሁለት ሰው ለየብቻው ይቁጠር። ቁጥሩ ካልተገናኘ ያንን ክምር ብቻ ድገሙ።

ሦስታችሁም ፈርሙና ያን ዕለት ማኅተም ይደረግበት።

ደረጃ 3፦ ጉድለቱን ማስላት

የምትቆጥሩት የዘንድሮን 5ኛ ክፍል ሳይሆን የመስከረሙን 5ኛ ክፍል ነው። ከ4ኛ የሚያልፉትን፣ 5ኛን የሚደግሙትንና በዝውውር የሚመጡትን ደምሩ። ከተፈናቃይ ቤተሰብ ልጆች ያሉባችሁ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ፣ እነዚህን ልጆች አትርሱ። በመሸኛ ስላልመጡ ከዝርዝር የሚወጡት መጀመሪያ እነሱ ናቸው።

ለምሳሌ 148 ተማሪ ትጠብቃላችሁ እንበል። 5 በመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሩ 7 መጽሐፍ ነው፤ ድምሩ 155 ይሆናል። ደህና 61፣ የሚጠገን 17፤ እጃችሁ ላይ 78 አለ። 155 ሲቀነስ 78፣ 77 ይቀራል። የምትጠይቁት 77 ነው። 100 ብላችሁ አትጻፉ። አጋንኖ የጠየቀ ትምህርት ቤት በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን ቢናገርም ይቀነስበታል።

ለእያንዳንዱ ክፍልና ለእያንዳንዱ ትምህርት እንዲህ አድርጉ። የክወናና የእይታ ጥበባት፣ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ፣ የግብረ ገብ መጽሐፍ ነው እየተባለ አይታለፍ። ያልተጠየቀ አይመጣም።

ደረጃ 4፦ መጠየቅና መከታተል

«የመጽሐፍ እጥረት ስላለብን ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ደብዳቤያችሁ ሰንጠረዥ ይኑረው፦ ክፍል፣ የትምህርት ዓይነት፣ የሚጠበቅ ተማሪ፣ ያለ መጽሐፍ፣ የጎደለ፣ የተረፈ።

የተረፈውንም ጻፉ። እባካችሁ አትደብቁ። የእናንተ ትርፍ የሌላው ጉድለት ነው፣ የእናንተም ጉድለት ሌላ ቦታ ተርፎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

1. ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ አውጡ። አንዱ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለክላስተር (ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ቡድን) ሱፐርቫይዘሩ፣ አንዱ ለእናንተ ፋይል።

2. ወረዳ ስትሄዱ ለምታውቁት ሰው ሰጥቶ መመለስ የለም። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ቅጂ ላይ አስጽፉ።

3. በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ የክላስተሩን ትምህርት ቤቶች ሰንጠረዥ ጎን ለጎን እንዲያይ ጠይቁት። አንዱ ጋ ያለው የ3ኛ ክፍል ትርፍ ለሌላው ይበቃል። ይህ መጽሐፍ ከክልል ከመጠበቅ ይፈጥናል። ዝውውሩ ግን በቃል አይሁን፣ ወረዳው አውቆት በሞዴል ይሁን፤ አለዚያ ንብረት ያዡ ዕዳ ይወድቅበታል።

4. በየሁለት ሳምንቱ ጠይቁ። ስትሄዱ የገቢ ቁጥሩን ያዙ። «ጋሼ፣ ሰኔ 28 ገቢ የሆነችው ደብዳቤ የት ደረሰች?» ማለት ከረጅም ስሞታ በላይ ይሠራል።

«መጽሐፉ አልታተመም» ከተባላችሁ የትኛው ርዕስ እንደሆነ ለይታችሁ ያዙ። የ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል መጽሐፍ በአብዛኛው የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥራ ነው፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ የትምህርት ሚኒስቴር። ወረዳው የሌለውን ሊሰጣችሁ አይችልም፣ ግን ጥያቄያችሁን ደብረ ብርሃን ወዳለው የዞን ትምህርት መምሪያ በጽሑፍ እንዲያስተላልፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያልታተመውን ርዕስ ወደ ደረጃ 8 ውሰዱት። ሌሎቹን መከታተል አታቁሙ።

ደረጃ 5፦ ማምጣትና መረከብ

ነሐሴ ላይ መጽሐፍ ወረዳ ከተማ ደርሶ ትምህርት ቤት የማይደርሰው በመንገድ ነው። አይሱዙ የማይገባበት ቦታ ያላችሁ ቀድማችሁ አስቡ። ከአስፋልቱ ወይም ከጠጠሩ መንገድ በኋላ ያለውን በአህያ የምታስጭኑ ከሆነ እሽጉን መጀመሪያ በላስቲክ፣ ከዚያ በማዳበሪያ ጆንያ አድርጉ። ጆንያ ብቻውን ዝናብ አይከለክልም። ወንዝ የሚሻገር መንገድ ካለ ጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ይሞላል።

ሞዴል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት እሽጎቹን ፈትታችሁ ቁጠሩ። «50» የሚል እሽግ ውስጥ 46 ሊኖር ይችላል። ከጎደለ በእጃችሁ የገባውን ልክ ጻፉ። «በኋላ እንሞላላችኋለን» ቢባልም ያልተረከባችሁትን አትፈርሙ።

ከየእሽጉ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ገልብጣችሁ እዩ። ገጽ የተደገመበት ወይም የዘለለ ካለ ያኔውኑ አስቀይሩ።

ደረጃ 6፦ መጠገን

የሚጠገነው ክምር ለክረምቱ ነው። አንድ ወላጅና አራት ልጆች በአንድ ቀን ብዙ ይሠራሉ።

1. ገጾቹን በቁጥር አስተካክሉ፣ በጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ጠርዛቸውን አጋጥሙ።

2. ከጀርባው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በወስፌ አምስት ቀዳዳ አውጡ። ከሥሩ ጣውላ ይኑር። በጣም ከገባ የውስጡ ጽሑፍ ይዋጣል፣ በጣም ጠርዝ ከሆነ ወረቀቱ ይቀደዳል።

3. ሲባጎውን ከመሐለኛው ቀዳዳ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ መልሳችሁ ወደ መሐል። ቋጠሮው ከኋላ ይሁን።

4. ሦስት ጣት ስፋት ያለው አቡጀዴ በዱቄት ኮላ ነክራችሁ ጀርባውን አልብሱት። ኮላው እንደ ቀጭን አጥሚት ይሁን። ከወፈረ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አይጥም ይጠራል።

5. ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭናችሁ አሳድሩት። ፀሐይ ላይ አታድርቁ፤ ይጣመማል።

ፕላስተር በጽሑፍ ላይ አትለጥፉ። ከዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞት ይነሣል።

ማስቀመጫው፦ ደጋ ላይ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው፣ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ደግሞ ምስጥ። በሁለቱም ቦታ መጽሐፍ መሬት ላይና ግድግዳ ተደግፎ አይቀመጥ። ድንጋይ ደርድራችሁ ጣውላ አጋድሙበት።

ደረጃ 7፦ ማደል (የመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት)

እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ይኑረው፤ ለምሳሌ ሒ-5-034። በውስጥ ሽፋኑና በአንድ የተወሰነ መሐል ገጽ ላይ ጻፉት። ሽፋን ይገነጠላል፣ መሐል ገጹ ይቀራል።

መዝገቡ ላይ የተማሪው ስም፣ የመጽሐፉ ቁጥር፣ መጽሐፉ ሲሰጥ የነበረበት ሁኔታና የወላጅ ፊርማ ይኑር። ወላጅ መጻፍ ካልቻለ አሻራ ያድርግ። ልጁ በሳምንት ውስጥ መጽሐፉን በጋዜጣ ወይም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለብዶ ያሳይ።

መጽሐፉ ከተማሪው ካነሰ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በስም ቅደም ተከተል «አንተና አንቺ» ተብሎ የተሰጠ የጋራ መጽሐፍ ከአንዱ ቤት አይወጣም፣ ምክንያቱም ከበደ ከወንዙ ማዶ ነው፣ ከበቡሽ ከገበያው ወዲህ። የጋራ መጽሐፍ በመንገድ ይመደብ። አብረው የሚመጡና አብረው የሚመለሱ፣ የአንድ ጎጥ ልጆች አንድ ላይ ይሁኑ።

ሦስት ልጆች አንድ የሒሳብ፣ አንድ የእንግሊዝኛና አንድ የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ከደረሳቸው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይዘው ይሂዱ፣ በየሁለት ቀኑ ይቀያየሩ። ተራው በመጽሐፉ የመጨረሻ ሽፋን ውስጥ ይጻፍ። መምህሩ ደግሞ ተራውን አውቆ የቤት ሥራ ይስጥ። መጽሐፉ ላልደረሰው ልጅ «ገጽ 27ን ሠርተህ ና» ማለት በደል ነው።

ሴት ልጆች ተራቸው በቤት ሥራ ምክንያት እንዳይበላ ተከታተሉ። መጽሐፉ ቤቷ ገብቶ ማታ ድረስ ውኃ ስትቀዳና ምጣድ ላይ ስትሆን ወንድሟ ካነበበው እሷ ተራ አልደረሳትም። ይህን ለእናትና ለአባት ፊት ለፊት ንገሩ። ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይረዳሉ።

ደረጃ 8፦ መጽሐፉ እስኪመጣ

የብዙዎቹ መጻሕፍት ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይገኛል። ስታወርዱ የሽፋኑን ዓመትና የክፍሉን ቁጥር አረጋግጡ፤ የሌላ ክልል ወይም የድሮ ሥርዓተ ትምህርት ቅጂ ብዙ ይዞራል። አንድ መምህር ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ይዞ ይምጣ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር መተግበሪያ ይተላለፍ።

ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ አታድርጉ፣ ገንዘቡ ያልቃል። መልመጃዎቹንና ሥዕል ያለባቸውን ገጾች ብቻ መርጣችሁ ሁለት ገጽ በአንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ አባዙ። ክላስተር ማዕከሉ የማባዣ ማሽን ካለው ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። የቀረውን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ግን ክፍለ ጊዜው በግልበጣ እንዳያልቅ ጥሩ ጽሕፈት ያለው ተማሪ ከክፍለ ጊዜው በፊት ገብቶ ይጻፈው።

ደረጃ 9፦ ደብተርና እስክሪብቶ

መጽሐፍ ኖሮት ደብተር የሌለው ልጅ አለ። ስም ጠሪው በመጀመሪያው ሳምንት ዞር ዞር ብሎ ይይ፣ ክፍል ውስጥ «ደብተር የሌለው እጁን ያውጣ» አይባልም። ልጅ ያፍራል፣ እጁንም አያወጣም።

አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያሉ የአካባቢው ተወላጆችን ስትጠይቁ ልኩን ንገሩ። «ለ32 ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው 8 ደብተር፣ 3 እስክሪብቶ፣ 1 እርሳስና 1 ላጲስ» የሚል ዝርዝር ላኩ። 256 ደብተር መግዛት የሚችል ሰው «ችግር አለብን» ለሚል መልእክት ምን እንደሚልክ አያውቅም። ገንዘብ በግለሰብ አካውንት አይግባ፤ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገብቶ ደረሰኝ ይቆረጥለት። ሲታደል ልጆቹን አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሡ። ለሰጪው የርክክብ ወረቀቱን ላኩለት፣ ይበቃዋል።

ደረጃ 10፦ የጥር ፍተሻ

በሁለተኛው መንፈቅ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከነገራችሁ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሁሉም መጽሐፉን ይዞ ይምጣ። ስም ጠሪው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር። የተፈታ ጥራዝ ካለ ያን ሳምንት ይሰፋ። ያቋረጠ ተማሪ መጽሐፍ ካለ የጎጡ ልጆች ያሉበትን ይንገሯችሁ፣ ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሰው ቤቱ ይሂድ። መጀመሪያ ስለ ልጁ ይጠይቅ፣ ለምን እንደቀረ፣ መመለስ ይችል እንደሆነ። ከተመለሰ መጽሐፉ እዚያው እጁ ላይ ይቆይ። የማይመለስ ከሆነ ተረክቦ ያምጣውና ተራ ለሚጠብቁት ሦስት ልጆች በማግስቱ ይሰጥ፣ መዝገቡ ላይም ቁጥሩ ወደ እነሱ ስም ይዛወር።